በእናቴ የማልኩበት ቤት

የአከራያችን የሐጂ ልጅ ሊያገባ መሆኑን አንድ ቀን ሰማሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «እሰይ» ይል ነበር። እኔ ግን ከግቢያችን በር አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ በርጩማ ላይ ዘፍ አልኩና ውሃ ጠየቅሁ።

«ምነው መምህር፣ ልጅቷን አንተ አስበሃት ነበር እንዴ?» አለኝ ሰፊው መኪናውን ሳያቆም።

«የት አገር ናት?»

«የዋጃ ልጅ ናት፣ ማሻአላህ። ሰርጉ ወር አይሞላውም።» ይህን ብሎ እግሩን ከመርገጫው አነሣ። አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ በሳቅ በራ። «ውይ! አንተ'ኮ ምለሃል!»

አዎ፣ ምያለሁ። ያውም በእናቴ።

እናቴን ይዤ እዚህ ቆቦ ከተማ ሐጂ ግቢ የገባሁት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ ከጓሮ ሽንት ቤት። ወረቀት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። ሐጂ የማሽላ ነጋዴ ናቸው፤ ከአፋር በረሃ እስከ ጎብዬ ገበያ በቃላቸው ሲነግዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ፊርማ ሲጠየቁ የተሰደቡ ያህል ይከፋቸዋል። «እኔና አንተ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» አሉ፤ ዱአ አደረጉ፤ እኔ አሜን አልኩ። ውላችን ይኸው ነበር። የሚገርመው እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳ ላይ «ውል በጽሑፍ ሲሆን ይጸናል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በአሜን ወደ ተከራየሁት ቤት እገባለሁ።

መሐላው የመጣው አንድ የዒድ ዕለት ነው። ሐጂ በረንዳ ላይ ምሳ በልተን ተቀምጠናል፤ ሰፊው አለ፤ ባለ ወፍጮው ጎረቤታችን አለ። ሐጂ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ይህ ልጅ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል «ጭነት አገኘሁ» ብሎ ወደ ጅቡቲ ይፈረጥጣል። ከሽሽቱ ብዛት የጅቡቲ አስፋልት ያለቀው በእሱ ጎማ ነው እላለሁ። ያን ዕለት ሐጂ በእኔ ጀመሩ።

«መምህር፣ እዚህ ቤት ገብተህ ሸበትክ'ኮ። ሳታገባ ልትሞትብኝ ነው?»

«ለእኔ አይጨነቁ ሐጂ፤ ለልጅዎ ይጨነቁ። እሱ ባገባ ቀን ቤቴን ለሙሽሮቹ እለቃለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባልወጣ እናቴ ትሙት!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ልጅ ጋብቻ መማል ማለት እኮ ቆቦ አስፋልት ላይ ውርጭ ይጋገራል ብሎ መማል ነው፤ ማን ይፈራል? ግን በእኛ አገር በሰው ፊት በእናት ስም የተማለ ነገር ቀልድ ነበር ብሎ ማንም አይተወውም። የሰሙት ሁሉ ይዘው ያቆዩልሃል።

ለመውጣቱማ በወጣሁ። ቆቦ ቤት አላጣም። ችግሩ እናቴ ናት።

እናቴ እዚህ ቤት በገባን በሁለተኛው ዓመት ዓይኗ ጠፋ። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ከዚያ ለአንድ ዓመት ያህል ግድግዳ እየዳበሰች፣ እየወደቀች፣ እኔን እየተሳደበች ቤቱን ተማረችው። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አሥራ ዘጠኝ። በትር አትይዝም፤ እጇን አትዘረጋም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከንፈሯን በዝግታ እያንቀሳቀሰች፣ እንደ ባለ ሥልጣን ትሄዳለች። ጎረቤት ሁሉ «ትንሽ ትንሽ ታያለች» ብሎ ያምናል። ሌላ ቤት ብንገባ ግን ዓይኗ ሁለተኛ ይጠፋል። በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ግቢ ተምራ አትጨርስም፤ አልጋ ላይ ትቀራለች።

ይህን ለሐጂ ልንገራቸው? አልችልም። ጨርሶ እንደማታይ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። በማን? በራሷ። እንግዲህ ተመልከቱኝ፦ ብቀር በእናቴ የማልኩት ይፈርሳል፤ እውነቱን ብናገርም በእናቴ የማልኩት ይፈርሳል። በሁለቱም በኩል የምትሞተው አንዲት አሮጊት ናት፤ በሁለቱም በኩል ገዳይዋ ምላሴ ነው።

ወሬውን በሰማሁ በሳምንቱ ሐጂ ራሳቸው መጡ። በረንዳችን ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ያገላብጣሉ።

«መምህር፣ አፍሬ ነው እንጂ ቀደም ብዬ በመጣሁ። ልጁ ተመልሶ ሳይሸሽብኝ ቤት ላስይዘው ብዬ ነው። ያንን ቃልህን...»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቀልድ ነው። ስፈራ እንዲህ ነኝ።

«ሐጂ፣ እኔማ ተነሥቻለሁ! ለመጻሕፍቴ አርባ ግመል ብቻ ከአፋር ያስመጡልኝ።»

«አላህ ያክብርህ!» አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ። ከውስጥ እናቴ «ማነው?» አለች። «ስለ ሰርጉ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። ሙቀቱ ሙቀት እንዳይመስላችሁ፤ ጥላዬ እንኳ ጥላ ፍለጋ መንገድ ላይ ጥሎኝ ቀርቷል።

«ውል አለህ?» አለኝ።

«በቃል።»

«ምስክርስ?»

«ልብስ ሰፊውና ባለ ወፍጮው።»

«ደግ። በቃል ነው ተብሎ እንደ ድመት አትባረርም። አከራይህ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ሊያስጠነቅቅህ ይገባል። አልወጣም ብትል እንኳ ዳኛ ፊት ይከስሃል እንጂ በር ሊቆልፍብህ፣ ዕቃህን ሜዳ ላይ ሊጥል አይችልም። አሁን ሕጉ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም ነው የሚለው። እኛ ከተማ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ከተማ ልማት ገብተህ ጠይቅ።»

ነፍሴ መለስ አለች። «እንግዲያውስ ጻፍልኝ!»

ብዕሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ቆይ። እነዚህ ምስክሮችህ ስትከራይ ከሰሙት ሌላ ከአፍህ የሰሙት ነገር አለ?»

አየኝ።

«በልጁ ሰርግ ዕለት እወጣለሁ ብዬ በእናቴ ስምል... ሰምተዋል።»

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

ብዕሩን ከደነ። «ወንድሜ፣ ሕጉ መሐላህን አይጠይቅህም። ዳኛው ይፈርድልህ ይሆናል። ግን ፈርዶልህ ቤትህ በገባህ ማግስት እናትህን ጉንፋን ቢይዛት ምን ትሆናለህ?»

ምን እንደምሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ አወቅሁ። እናቴ ስታስነጥስ እኔ ራሴ ትንፋሼ ይቋረጣል። ምግብ ስታስተርፍ «ምን አመመሽ?» እላለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ መኖሪያ ቤት መብት እያስተማርኩ ጠመኔው በእጄ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቼ ወባ ይዞታል ብለው አወሩ፤ ወባ በሆነ!

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ተመለስኩ። ግቢው ተገለባብጧል። ለዳሱ እንጨት ተከምሯል፤ ቆርቆሮ ተደግፏል። በሩን እንዳለፍኩ ነው ያየሁት። ለሰርገኛው ብዛት አሮጌው ሽንት ቤት አይበቃም ተብሎ ከሱ ወዲህ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ቆፋሪዎቹ አካፋና ዶማቸውን ጥለው ምሳ ሄደዋል። ጉድጓዱ ረጅም ሰው ይውጣል። ያለው ደግሞ በእናቴ መንገድ ላይ ነው።

እናቴ እየሄደችበት ነው።

አንገቷን ቀና አድርጋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አብሬያት መቁጠር ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉ ሳላስበው ቆጠርኩ፤ አሥር፣ አሥራ አንድ። ጉድጓዱ አሥራ አምስት ላይ ነው። ልጮህ ፈለግሁ። ይህ ምላስ፣ ለሰርግም ለለቅሶም ያልሰነፈ፣ ሐጂን ያሳቀ፣ እናቴን ያስያዘ ምላስ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። እግሬም እንደዚያው። አሥራ ሁለት። ብጮህ ደንግጣ ትሮጥ ይሆን? አሥራ ሦስት። ከወዲያ ማዶ ሐጂ ውዱእ ሊያደርጉ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ከበረንዳ ወርደዋል። እሳቸውም አዩ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ድንጋይ ላይ አርፎ እንደ ደወል ጮኸ።

እናቴ ቆመች። አሥራ አራት ላይ።

«ሐጂ፣ ምን ሆኑ? ወደቁ እንዴ?» አለች። ቀጥሎ አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሣች። «ይሄ አዲስ አፈር ነው። ማነው መንገዴን የቆፈረው?»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስይዛት እኔ ነኝ የወደቅሁት፤ እሷ ናት የያዘችኝ ማለት ይሻላል። ሐጂ ባዶ እግራቸውን መጥተው እፊቷ ቆሙ። እጃቸውን ዓይኗ ፊት አወዛወዙ። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «እህቴ፣ ምንም አታዪም?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሐጂ አፈሩ ክምር ላይ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ያን ያህል ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ግመል! አርባ ግመል ነው ያልከኝ! ይህን ነበር ልትነግረኝ የሚገባህ። እንዲህ ያለችን ሴት ከቤቷ አስወጥቼ በየትኛው ፊቴ ልሰግድ ኖሯል?»

«ምያለሁ ሐጂ። እንዳልናገር በእሷ ምያለሁ። እንደምወጣም በእሷ ምያለሁ።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ድምፄ ዞረች። «በእኔ ነው የማልከው? ቤት ልትለቅ?»

«አንድ ጊዜ ነው እማ።»

«ውሸታም! በቀን አሥር ጊዜ በእኔ ስትምል አይደል የኖርከው? ያንን ሁሉ ተሸክሜ እዚህ የደረስኩ ጠንክሬ ነው እንጂ አንተማ ድሮ ቀብረኸኛል።»

ሐጂ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ ቆቦ ከተማ የአንድ ክረምት ውሃዋን ያገኘችው ያን ዕለት ነው።

ጉድጓዱ በዚያው ከሰዓት ተደፈነ። ሐጂ ራሳቸው አካፋ ያዙ። ለሙሽሮቹ የማሽላ መጋዘናቸው ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ መስኮት ወጣለት። ልጁ ቅር አላለውም፤ ለወትሮውም ጭነት መኪና ውስጥ ነው የሚያድረው። እኔ ግን አሁንም ስለ መሐላው አልተኛሁም። ሐጂን ጠየቅኋቸው።

«መሐላማ መሐላ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «ድሆች አብላ። ካልቻልክ በእኛ ሃይማኖት ሦስት ቀን ትጾማለህ።»

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች ቦርጬን አዩና ስግደት አዘዙ። የቱ እንደሚይዝልኝ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ሁለቱንም ፈጸምኩ። በሰርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲቆርጥ እኔ ሁለተኛ ቀን ጾሜ ላይ ነበርኩ፤ ጉልበቴ በስግደት ላልቶ ስነሣም ስቀመጥም እንደ አሮጌ በር እጮሃለሁ። ሰፊው «መምህር፣ ሰለምክ ወይስ መነኮስክ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ሳቄ ጠፋ። ሮጬ ገብቼ የእናቴን ትንፋሽ አዳመጥኩ። ታንኮራፋለች። ከዚያ የጣፈጠ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም።

ከሰርጉ በኋላ ሐጂ ራሳቸው «ና፣ ወረቀቱን እንጻፍ» አሉኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ግቢያችን ድረስ መጣ። እናቴ «እኔም ልቀመጥ» አለች፤ ወንበር ተሰጣት።

«ለስንት ዓመት?» አለ ጸሐፊው።

«እሷ እስካለች» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ውል ላይ ዓመት ነው የሚጻፈው።»

«ሁለት ጻፍ። ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ትጽፋለህ።»

ጽፎ አነበበ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «የጎደለ አለ። ከበሬ እስከ ሽንት ቤቱ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። እዚያ ላይ ማንም እንዳይቆፍር፣ ድንጋይ እንዳያስቀምጥ፣ በግ እንዳያስር።»

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ውል ላይ ገብቶ አያውቅም።»

«አሁን ይገባል።»

ጸሐፊው ወደ ሐጂ አየ። ሐጂ «ጻፍ እንጂ!» አሉ። ጻፈ። በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለሐጂ፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለሚመዘገብበት ቢሮ። ፊርማ የማይወዱት ሐጂ ፈረሙ፤ ሰፊውና ባለ ወፍጮው ለምስክርነት ፈረሙ፤ እናቴም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ አተመች። ጣቷን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ፍርሃቴ ግን ሣጥን አይገባም። በእናቴ መማል ትቻለሁ፤ ምላሴ ሲያመልጠኝ መሐል ላይ እነክሰዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት አልጋዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። እዚህ ላይ ልቤ ይቆማል። አሥራ አምስት ይሰማል፤ ቀጥሎ አሥራ ስድስት። የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር ሲንቋቋ ነው ተነሥቼ ፊቴን የምታጠበው።