መንገዱ በእኔ በር ላይ የታጠፈበት ምክንያት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ወሬ የማልጨርስ ሴት፣ የሰውን ሠርግና ለቅሶ ተርኬ የማልጠግብ፣ ይቺን አንዷን ግን ሃያ ዓመት ዋጥኳት።

ከለቡ መብራት ኃይል ወረድ ብላችሁ ወደ ሰፈራችን ስትገቡ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና እኔ ሱቅ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ረዳቱ "ኩርባው ጋ ወራጅ አለ?" ይላል። ለምን እንደሚታጠፍ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ከሥሩ አለት ስላለ ነው እለዋለሁ። አለት የለም። ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ እድራችን የሰፈሩን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሳ። ማን ይጻፈው ሲባል የሺ አሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው፣ ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ከልጆቼ ደብተር ፊደል የለቀምኩትን። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። በጤፍ ማሳ መካከል ተበታትነው የነበሩትን የጭቃ ቤቶቻችንን፣ ውኃ በአህያ የምናስመጣበትን ጊዜ፣ ክረምት ላይ ጫማችንን በፌስታል ይዘን ጭቃውን የምንሻገረውን ጻፍኩ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ከማዶ ብቅ ሲል ልጆቻችን መስኮቱን ሲቆጥሩ መዋላቸውንም ጻፍኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

ያኔ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረንም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው፤ እኔም እንደዚያው ወጥቻለሁ። ስለዚህ ሁላችንም ከየግቢያችን ቆርሰን ልንሰጥ ተስማማን። አጥር ተነሳ፣ ኮሚቴው ገመድ ወጥሮ በግራና በቀኝ ችካል ተከለ። በእኔ በኩል ገመዱ አዲሷን ሱቄን ለሁለት ከፈላት። ከፊት ለፊቴ አዴ ጫልቱ አሉ፤ እኛ ሳንመጣ በፊት ያንን መሬት ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰብ ናቸው። ሟች ባላቸው የተከሉላቸው ዋንዛ ከመንገዱ ለጥቂት ተረፈ።

ግሬደሩ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ወጣ። እኔ አራስ ነበርኩ፤ አራስ ቀብር አትሄድም። አዴ ጫልቱ ጠዋት ያመጡልኝ ገንፎ ገና ከአጠገቤ አልተነሳም። ልጄን አስተኛሁና ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ በእኔ በኩል ያሉትን ሦስት ችካሎች ነቅዬ አራት እርምጃ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ በማዶ ያሉትን ሦስቱን በዚያው ልክ ወደ እሳቸው ግቢ አስገባሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ገንፎውን ጨረስኩ። አዎ፣ በላሁት። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነበረኝ?

ከቀብር ሲመለሱ አዴ ጫልቱ ችካሉ ፊት ቆሙ። ገመዱ ዋንዛውን አልነካውም ነበር እኮ አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱን አከከ፣ ገመዱን እንደገና እንወጥር ይሆን አለ። ከሰፈሩ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ወደ እኔ ዞረ።

"የሺ፣ ችካሉን የነካ ሰው አይተሻል?"

"ማንም አልነካውም" አልኩ። ልጄን ታቅፌ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

"እሷ ካለች አለቀ" አሉ አዴ ጫልቱ። "አራስ ምን ብላ ትዋሻለች? ቁረጡት።"

በማግስቱ ዋንዛው ወደቀ። እሳቸው ግን ግንዱን አሰንጥቀው በርጩማ አሠሩልኝ። ወልደሽ ቆመሽ አትሽጪ ብለው ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ይህንንም የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

ድሃ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው ልበል? ሱቋ ብትፈርስ ገባ አድርጌ እንደገና እሠራት ነበር፤ ጭቃ ናት። ዋንዛ መልሶ አይሠራም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ኑሮዬ መልካም ነው። ኩርባው ላይ ሰው ይወርዳል፣ ሱቄ ጎራ ይላል፣ እንጫወታለን። ልጆቼ አዴ ጫልቱን አያቴ ይሏቸዋል፣ እኔና እሳቸው ሳንሳሳቅ የዋልንበት ቀን የለም። ደስተኛ ነኝ፣ አልክድም። ግን ደስታዬ የማን ጥላ በነበረበት ቦታ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ።

የሰፈሩ ታሪክ ያለ ኩርባው አይሞላም፤ ስለዚህ ይህም መጽሐፉ ውስጥ ይግባ። ግን አንድ ነገር ይቀድማል። አዴ ጫልቱ ማንበብ አይችሉም። ከክፍለ ከተማ የሚመጣውንም፣ ከዘመድ የሚላከውንም ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነኝ። የሺ ካነበበችው እውነት ነው ይላሉ።

ነገ ከቁርስ በኋላ በርጩማውን ይዤ ወደ ግቢያቸው እሻገራለሁ። እሳቸውን አስቀምጬ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ። እናንተ ከፈለጋችሁ ፍረዱብኝ። ይቅርታውን ግን ከእናንተ አልጠይቅም፤ ዋንዛው የእናንተ አልነበረም።