ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምር ባል

የእህቴን ባል አልወደውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደድኩትም፤ ለምን ብሎ ለጠየቀኝም ደብቄ አላውቅም። ቀን መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ብሎን እየቆጠረ ያድላል፤ ማታ ጫማውን አውልቆ ሶፋ ላይ ይጋደማል። ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ ውኃ በውኃ ቢሆን እንኳ "ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ" ነው መልሱ።

ደግሞስ አነባበቡ! መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። የወንጀል ታሪክ እንኳ ገዳዩን አውቆ ነው የሚጀምረው።

"ታዲያ ምን ቀረህ?" አልኩት አንድ ቀን።

"እፎይ ብሎ ማንበቡ ነዋ፣ እትዬ! ገዳዩን ካወቅኩ ምን ያስደነግጠኛል?"

ወንጀል ሲሰለቸው ወደ ጥንት ነገሥታት ይሄዳል፤ እነሱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ አያሰጉም። ነገሥታቱ ሲሰለቹት ኮከብ ላይ ከተማ ወደሚቆረቁሩ ሰዎች ይሻገራል፤ እነሱ ደግሞ ገና አልተወለዱም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። የማይጥመው ዛሬ የሚባለው ቀን ብቻ ነው፤ ፈሪ!

ይባስ ብሎ አፉን አይዝም። እህቴም ማንበብ ትወዳለች፤ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለች "አክስትየዋ ናት የገደለችው" ይላትና ያበሽቃታል።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ዓይን ደከመ። አንደኛው ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረው ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና በፋሻ ታሸገ፤ አሥራ አንድ ቀን አይፈታም ተባለ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ ከሄደ እንጀራዋም አብሮ መሄዱ ነው። እኔ እህል አልወርድልሽ አለኝ። እሱስ? መጽሐፍ ይዞ መጣ!

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አልኩ፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

እህቴ ግን ሳቀች። "ታነብልኛለህ። ብቻ ማልልኝ፤ ከእንግዲህ የምንም ነገር መጨረሻ ቀድመህ እንዳትነግረኝ።"

መጽሐፉን ከደነና "እናቴ ትሙት" አላት።

ሆስፒታል የተኛችበት ክፍል ውስጥ አንዲት ወንበር ነበረች፤ እኔ ነኝ የተቀመጥኩባት። እሱ ከሥራ እየመጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያነብላት ጀመር። አንድም ቀን አረፍ በል አላልኩትም። ይቁም! ሁለት መጽሐፍ ጨርሰው ሦስተኛውን ያዙ። እህቴ ገዳዩ እገሌ ነው፣ አይ እገሊት ናት እያለች ስትከራከረው "እንግዲህ እናያለን" ይላታል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ደሜ ፈላ። ስምንተኛው ቀን ላይ ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

"ለመሆኑ ልብ የሚባል ነገር አለህ? ስለ ዓይኗ አንድ ቀን እንኳ አታስብም?"

"እየሳቀች እኮ ነው፣ እትዬ" ብሎኝ ገባ። ምራቄን ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ ባትሪ አብርታ ዓይኗ ላይ ደገነች። መብራቱ ፊቷን ሁሉ አጥለቅልቆት እህቴ "ለምን አታበሩትም?" አለች።

እኔ ጩኸቴን በነጠላዬ አፍኜ ወጣሁ፤ እሱም ከኋላዬ ወጣ። ሐኪሟ ተከትላን ወጣችና ለእሱ "መጀመሪያውኑ ነግሬዎት ነበር፤ ተስፋው የመነመነ ነበር" አለችው።

ዞሬ አየሁት። "ታውቅ ነበር?"

"ገና ሆስፒታል ሳትተኛ ሐኪሟን ጠየቅኋት። አመሌ አይደል።"

"እኔ እንደዚያ ስሰድብህ ምነው ዝም አልክ?"

"ለአንቺ ብነግርሽ ድምፅሽን ሰምታ ታውቀው ነበር። አስምላኛለች እኮ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አንተ፣ የት ገባህ?" አለች እህቴ ከውስጥ። ድምጿ ሰልሏል። "ና፣ ካቆምክበት ቀጥልልኝ።"

ገብቶ መጽሐፉን ገለጠና እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እኔም ተከትዬው ገብቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬም አልወደውም፤ ያን ሁሉ ቀን ብቻውን መሸከሙ እንዲያውም ይበልጥ አናዶኛል። ከወንበሯ ተነሳሁለት።