«አብሽሪ» በሁለት ቋንቋ

ሸህ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ ማለዳ ወደ አኼራ ሄደዋል። መካነ ሰላም ከተማ እሳቸው ዘንድ ቁርኣን የቀራችሁና ወሬው ያልደረሳችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምነግራችሁ ያቺ ከጅዳ የመጣችው ልጅ ነኝ። ከስሜ ይልቅ በዚህ ታውቁኛላችሁ።

ከእናቴ ጋር አገር ስገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወልቀዋል፤ አማርኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ጅዳ እናቴ ሰው ቤት ስትሠራ የምውለው የመናዊት ጎረቤታችን ዘንድ ስለነበር አፌን የፈታሁት በዐረብኛ ነው። እዚህ ስንመጣ እናቴ አማርኛ ቶሎ እንድለምድ ብላ ዐረብኛውን ከቤት አስወጣችው። አያቴ «አፈር ልሁንልሽ» እያሉ ሲስሙኝ፣ የሚሉኝ አልገባ ስለሚለኝ አለቅስ ነበር። ከዚያ ጭራሽ ዝም አልኩ። እናቴ ቢጨንቃት ሸህ እንድሪስ ዘንድ ወሰደችኝ።

እሳቸው የኪታቡን ዐረብኛ ያውቃሉ። የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ጅዳ መልሱኝ ብዬም ለመንኳቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉና «አብሽሪ» አሉኝ።

ለእናንተ ይህ «አይዞሽ» ነው። የመናዊቷ «አብሽሪ» ካለችኝ ግን የጠየቅኩት ተፈጸመ ማለት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልብሴን በፌስታል ሸክፌ መናኸሪያ ቆምኩ።

ረዳቶቹ ከብበውኝ ሲስቁ ሸህዬ ጥምጣማቸው እየተፈታ ደረሱ።

«አብሽሪ ብለውኝ የለም?» አልኳቸው በዐረብኛ።

እሳቸው አልሳቁም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። የሰጠሁሽን ቃል እኔው አላወቅኩትም» ብለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዲት ሕፃን ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ወደ ሚኒባሱ እየጠቆምኩ «ሰያራ! ሰያራ!» አልኩ።

«የቷ ናት ሰያራ?»

«ይቺ!»

«ሱብሃነላህ! ቁርኣን ላይ ሰያራ መንገደኞች ናቸው እያልኩ ስንት ዘመን ሳስተምር፣ ለካ መኪና ሆና ቆይታኛለች!» ብለው በሳቅ ተንከተከቱ። እኔም ሳቅኩ። አገር ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «የገበያውን ዐረብኛ አስተምሪኝ፤ እኔ ደግሞ አማርኛውን» አሉኝ። ከትምህርት በኋላ ሽንኩርቱን፣ ቁልፉን፣ ጫማውን እያነሳን ቃል እንለዋወጣለን። የኔን በትንሽ ደብተር ይጽፉት ነበር። ሲሳሳቱ እቆጣቸዋለሁ፤ ተማሪዎቻቸው ደረሶቹ ይደነግጣሉ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይደግማሉ።

እናቴንም አስጠርተው «ዐረብኛዋን አትንቀዪባት። ቋንቋ የወተት ጥርስ አይደለም፤ አዲሱ እንዲበቅል የፊተኛው መውለቅ የለበትም» አሏት። ቤታችን እንደገና ወሬ ሞላው። ለአያቴ የምመልሰውንም ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «አፈር ልሁንልሽ» ሲሉኝ «አፈር አይንካዎ» አልኳቸው። አያቴ ያን ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ ሲናገሩ ዋሉ።

ዛሬ መካነ ሰላም አስተማሪ ነኝ። በሞቱበት ዋዜማ፣ ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው «ከዐረብ አገር የሚመጡት ልጆች በዝተዋል። ዝም እንዳይሉብኝ፤ ሁለቱንም አስይዥልኝ። አደራ» አሉኝ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ሳልመልስ ወጣሁ። መልሴን ሳይሰሙ መሞታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «አብሽሪ» ሲለኝ የባሰ አለቀስኩ።

ሸህዬ፣ ትናንት ከሪያድ የመጣች ልጅ እናቷ ቀሚስ ሥር ተደብቃ አገኘሁ። እጇን ይዤ መናኸሪያ ወሰድኳት። እሷ «ሰያራ» አለች፣ እኔ «መኪና» አልኩ፤ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላረፈችም። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ። ስለ አደራዎ ግን አብሽሩ፤ በጅዳው ነው ያልኩዎ።