ከአረካ እስከ ዲምቱ፣ ከስኳር ድንች ሐረግ ጋር

ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሶዶ ወጣሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ከአረካ የስኳር ድንች ሐረግ ይዤ ዲምቱ አጠገብ ለሚኖረው ለዳና በዕለቱ ማድረስ። ዳና የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያለፈው በጋ ረዝሞ ለዘር ያስቀመጠውን ሐረግ በሙሉ አደረቀበት። የበልጉ ዝናብ አንድ ወር ዘግይቶ አሁን መጥቷል፣ መሬቱም ታርሷል፤ የሚተከል ነገር ግን የለም።

በስልክ እንዲህ አለኝ፦ "ይህ እርጥበት ካመለጠኝ እንሰቶቹን እቆርጣለሁ።"

እንሰቶቹ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ በእኛ አገር የመጨረሻው የመጨረሻ ነገር ነው። ጥቂት ሳምንት ይበላል፤ ከዚያ ጓሮው ባዶ ይቀራል። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የአየር ንብረት ለውጥን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ አስረዳለሁ። ዳና ስልኩን ሲዘጋ ግን ያ ሁሉ ቀስት አልረዳኝም። ፈራሁ።

አረካ፣ ሁለት ሰዓት

ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና የቀድሞ ተማሪዬ እናት ወይዘሮ አስቴር ቤት ደረስኩ። በጋውን ሙሉ ሐረጋቸውን በእንሰት ጥላ ሥር አስቀምጠው የዕቃ እጣቢ እያጠጡ አቆይተውታል። አምስት እስር ሰጡኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ተቆጡ።

"ለዘር ነው አላልሽም? ለዘር የተጠየቀ አይሸጥም። ደግሞ በጥላ ያዢው፣ ንፋስ ይንካው።"

ሁሉን እንደሚያውቅ አስተማሪ ራሴን ነቀነቅኩ። መናኸሪያ ስደርስ ግን የራሴ ሳይንስ መጣብኝ። እርጥበቱ እንዳያመልጥ ብዬ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አፈሰስኩበት፣ በላስቲክ የማዳበሪያ ከረጢት ከተትኩት፣ አፉን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ሶዶ፣ አራት ሰዓት ተኩል

የዲምቱ መኪና እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እኔ ጥላ ፈልጌ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራውን ኩርኩፋ በዳጣ በላሁ፤ ከረጢቱ ፀሐይ ላይ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወረድን። የዳሞት ተራራ ከኋላችን ሲርቅ አየሩ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ ግራሩ እየበዛ ሄደ። በመንገዱ ዳር አንዳንዱ ማሳ በቆሎ ቢይዝም ብዙው ባዶውን ነበር። እያንዳንዱ ባዶ ማሳ የዳናን ይመስለኝ ነበር።

ዲምቱ፣ ሰባት ሰዓት

ዳና በወላይትኛ "ሳሮ! ሳሮ!" እያለ ሰላምታ እየሰጠ፣ እየሮጠ ተቀበለኝ። ከረጢቱን ሲፈታው ትኩስ እንፋሎት ፊታችን ላይ ወጣ። የተቀቀለ ጎመን ይሸታል።

"ማን ነው እንዲህ ያሰረው?"

"እኔ።"

"ውሃውስ?"

"እኔ።"

"አስተማሪ!" ብቻ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ።

ሚስቱ ማርታ ግን ለልቅሶ ጊዜ አልነበራትም። ሐረጉን ጥላ ውስጥ ዘርግታ አንድ በአንድ በጥፍሯ ትጭረው ጀመር። "የተቀቀለው ጫፉ ነው። ይኸው፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ቡቃያ የሚያወጣው ዓይኑም ደህና ነው። ነይ፣ እንባሽን ጥረጊና ቢላ ያዢ።"

ሦስታችን ተቀምጠን የሞተውን ከሕያው ለየን። ከግማሽ በላይ ተረፈ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከማሳው ዝቅ ብሎ እርጥበት በሚይዘው በኩል መትከል ጀመርን፤ ሦስት ዓይን ከአፈር ሥር፣ ሁለት ከላይ። ዳና አጎንብሶ እየተከለ ጠየቀኝ።

"ይህን ሙቀት የሚያመጣው ጭስ ከሩቅ አገር ነው ትያለሽ። እነዚያ ሰዎች ዲምቱን ያውቋታል?"

"አያውቋትም።"

"ዝናባችንን ግን ነክተውታል" አለና ቀጣዩን ሐረግ አነሳ።

የመጨረሻውን እስር አልተከለውም። እንደ ወይዘሮ አስቴር ሐረግ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ እጣቢ በሚፈስበት ጥላ ሥር እንዲደረግ ማርታ አዘዘች። "ይህ አይበላም፣ ይቀመጣል" አለች።

ሶዶ፣ እሁድ

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ለተማሪዎቼ ስህተቴን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ቀስቱን ዘንድሮም ስዬዋለሁ። አጠገቡ ግን ሐረግ በበጋ እንዴት እንደሚቆይ ጻፍኩ፤ ገሚሶቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር። ሰማዩ ሲለወጥ የሚያሻግረን በየጓሮው ያለ እንዲህ ያለ እውቀትና እርስ በርስ የሚሰጥ ዘር መሆኑን የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳና ደወለ። ሐረጉ ይዟል፣ ቅጠል አውጥቷል። የጨነቀኝን ጠየቅኩት።

"እንሰቶቹስ?"

"ቆመዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ለሰርግሽ ይደርሳሉ።"

"ማን አገባለሁ አለህ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ እንሰቱን አዘጋጃለሁ።"

ሳቅኩበት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ በጋውን ሙሉ ከነገ ያለፈ ነገር አንስቶ የማያውቀው ዳና ከአራት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው አወራኝ።