የድጋፍ ደብዳቤዬና ቀይዋ ፊኛ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከውሃ ሃይድሮጅን ሳወጣ ኖሬ፣ የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት የልደት ፊኛ መሆኗን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ያናድደኛልም።

እኔና አብዲ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ የተቀጠርን መሐንዲሶች ነበርን። ሁለታችንም ምሥራቅ ጀርመን ሄደን፣ በፀሐይ ኃይል ከውሃ ነዳጅ ማውጣትን እንድናጠና ዕድል አገኘን። የቀረን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ያለ ቀበሌ ማኅተም እንኳን ጀርመን፣ ሐረር መድረስም ያስጠይቅ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ማመልከቻችንን አንብቦ አፈጠጠብን። «ሕዝቡ ለውሃ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፤ እናንተ ውሃ ልታቃጥሉ? ይህ አሻጥር ነው!»

«አቦ፣ ሥራውን የምትሠራው ፀሐይ ነች። ድሬ ደግሞ ፀሐይ መቼ ቸገራት?» አለው አብዲ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ለሊቀመንበርም አይገኝም።

በመጨረሻ እሑድ ጠዋት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሕዝብ ፊት እንድናሳይ ታዘዝን። ካልተሳካ ደብዳቤውን መርሳት ነው።

እሑድ፣ በፀሐይ ኃይሉ ፋንታ፣ ከአብዲ አጎት ታክሲ ባትሪ ፈታን። ሶዳ የተቀላቀለበት ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን፣ ሁለት የመጻፊያ እርሳስ ፍሬ ነከርንና ከባትሪው ጋር በሽቦ አገናኘን። የሚወጣውን ጋዝ እንድትይዝ ጠርሙሱ አፍ ላይ ቀይ ፊኛ አሰርን። ሐሳባችን ፊኛዋ ብርቱካን ስታክል ለኩሰን «ጧ» ማሰኘት ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን «በቅድሚያ አጭር ንግግር» ብሎ ተነሣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ! እሱ ሲናገር ከመቀመጫ መነሣት ማን ደፍሮ? ሽቦውን የሚነቅል ጠፋ። ፊኛዋ ብርቱካንን አልፋ፣ ፓፓያን አልፋ ሐብሐብ አከለች። ሕዝቡ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም፤ ሰውዬው ደግሞ እሱን የሚያዩ መስሎት ድምፁን ይጨምራል። ደረቱን ለጠላት ጥይት እንደሚሰጥ ሦስት ጊዜ ማለ።

በመጨረሻ «አሁን አሳዩ» አለን። ፊኛዋን ቋጥሬ ጠረጴዛው ላይ አሰርኳትና «ጓድ፣ ትንሽ በዝታለች፤ ብትቀርስ?» አልኩት። «ቶሎ በል!» ብሎ ጮኸብኝ። ክብሪቱን በረጅም እንጨት አስጠጋሁ።

ወይ ጉድ! መድፍ የተተኮሰ መሰለ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ቀና ስል ደረቱን ለጥይት የሚሰጠው ሰው የለም። ለካ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ፣ አብዲ አልቻለም። «ውጣ ዋርያ፣ ፊኛ እኮ ነች!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

ሊቀመንበሩ ወጣ፤ ጉልበቱን አራገፈና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች፣ ያያችሁት ከባድ ሳይንስ ነው! ከዚህ ያልተጠነቀቀ ሞኝ ነው» አለ። ያኔ ገባኝ። ፍንዳታው በከበደ ቁጥር የእሱ ውርደት ይቀላል።

እኔ ግን የታየኝ እስር ቤት ነበር። በማግስቱ ቢሮው ሲያስጠራኝ ፍራሽ ልያዝ አልያዝ እያልኩ ሄድኩ። ደብዳቤው ተፈርሞ ጠበቀኝ፤ «ለአብዮቱ እጅግ አስፈሪ የሆነ ዕውቀት ያለው ወጣት ነው» ይላል። የአብዲ ማመልከቻ ላይ ግን «ሳይንስን የሚያቃልል» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። በትምህርት ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ አብዲ እዚያው ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ከውጭ አገር ለዕረፍት ስመጣ ከሩቅ አይቶኝ «ዋርያ፣ ዛሬም ውሃ ታቃጥላለህ?» ይለኛል፣ ያንኑ ሳቁን እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ። መሳቅ የነበረብኝ ግን ያኔ፣ ከእሱ ጋር ነበር።