ያልተሰካው ምድጃ

ስም አላት፤ ግን ከፋብሪካው በር እስከ ቤቷ ደረጃ ድረስ የሚያውቃት ሁሉ «እትዬ ምድጃ» ነው የሚላት። አስራ ዘጠኝ ዓመት የኤሌክትሪክ ምድጃ ስትፈትሽ ኖራለች። አንዱን ታነሳለች፣ ትሰካለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ ውሃው እስኪፈላ መዳፏን ማብሪያው ላይ ታሳርፋለች። እጇ ከቻለው ምድጃው ያልፋል።

ይህን በስልክ መቅረጽ የጀመረው ባሏ ነበር፣ ለጨዋታ ያህል። «ሳቅ በይ እንጂ፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጥሽ አስመሰልሽው እኮ!» ይላት ነበር። ሰው ወደደው። ድርጅቱም ወደደውና ፎቶዋን በጭነት መኪኖቹ ጎን ላይ ለጠፈ። ገበያ ስትወጣ ሰላምታው በዛ፤ ባለሱቆች ሳትጠይቅ ወንበር ያቀርቡላት ጀመር። ባሏ ካረፈ ወዲህ ግን ስልኩን የሚይዘው የድርጅቱ ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የሆነ ልጅ ነው። ሳቅ በይ የሚላት የለም።

አዲሱ ሞዴል ገበያ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ የታች ቤት ጎረቤቷ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«ማብሪያው ነው ያቃጠለኝ።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ድርጅቱን የት አውቀዋለሁ? አንቺን አይቼ ነው የገዛሁት።»

እትዬ ምድጃ የተጠቀለለውን ጣት ይዛ አየችው። ያ ሞዴል ተጣድፎ ነው የተጫነው፤ እሷ የምትፈትሽበት ጠረጴዛ ጋ አልደረሰም። ለማስታወቂያው ግን እጇን አሳርፋበታለች፣ ሳይሰካ። «ለፎቶ ብቻ ነው» ብለዋት፣ ደክሟት ስለነበር እሺ ብላ።

በማግስቱ የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ ወረቀትና ከአዲሱ ሞዴል አንድ ምድጃ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። የተቃጠለው ሰው ብዙ ነበርና የድርጅቱ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

«እትዬ፣ ቪዲዮው ተቆርጦ የተቀጠለ ነው እንዳይሉን በቀጥታ እናስተላልፋለን። ይህችን ብቻ ያንብቡልን።»

ወረቀቱ ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው ይላል።

«ምድጃው ተሰክቷል?»

«ምን ያደርጋል? ማንበብ ብቻ እኮ ነው።»

«ሰካው ልጄ።»

«እትዬ፣ እኔን እኮ ያባርሩኛል።»

«እኔንም።»

ልጁ ቆሞ ሲያያት ራሷ ሰካችው። ስርጭቱ ሲጀምር ውሃ ጣደች፣ መዳፏንም አሳረፈች። ውሃው ገና ድምፅ ሳያሰማ እጇን አነሳችና ወደ ስልኩ አዞረችው። ቀልቷል።

«ማስታወቂያው ላይ ስታዩኝ ምድጃው አልተሰካም ነበር» አለች። «እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። አሁን ከግድግዳው ንቀሉትና ፋብሪካው ድረስ አምጡልኝ።»

ልጁ ስልኩን አላጠፋውም።

ፎቶዋ በሁለት ቀን ውስጥ ከመኪኖቹ ላይ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤዋን አስጽፎ ጠራት፤ ግን በመስኮቱ ሰልፉ ይታየዋል። ሰዎች ምድጃ ታቅፈው ጥበቃውን «እትዬ ምድጃ የታለች?» ይሉታል። አንድም የሚሳደብ የለም።

«ይሄ እስኪያልቅ ቆዪ» አላት፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እየከተተ። «ከዚያ እንነጋገራለን።»

በሩ ጋ ጠረጴዛ ወጣላት። ማብሪያውን ትፈታለች፣ ትቀይራለች፣ ትሰካለች፣ ውሃ ትጥዳለች። ከሰዓት በኋላ ወገቧ አልታዘዝ አላት። ተራቸው የደረሰ አዛውንት አዩዋትና አዘኑ።

«ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ይቅር፤ አምኜሻለሁ። አረፍ በይ።»

«ይፍላ አባባ» አለች፣ እጇን ከማብሪያው ሳታነሳ።