አባቴን የወሰደው ፍሬዛ

የታላቅ እህቴን ባል ሰፈሩ «ልኬ» ይለዋል። ሳይለካ የሚያልፈው ነገር የለም። ወንበር ሲያቀርቡለት ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን እግር ያነቃንቃል፤ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰዎቹን ሳይሆን የበሩን ማጠፊያ ነው። አናጢ ነው፣ ሙያውን ያስተማረውም አባቴ ነው። አባቴ ሦስት ሴቶች እንጂ ወንድ ልጅ ስላልነበረው መላጊያውንም፣ መሮውንም፣ አመሉንም ለአማቹ አስረከበ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ እል ነበር፤ ግን ይሄ የኔ ጉዳይ ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ እነልኬ ቤት ገባ። ገባ ማለት ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ የልኬ ወርክሾፕ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጠዋት በርጩማው ላይ ይቀመጥና የልኬን እጅ ሲያይ ይውላል። ልኬ ሲያበላሽ ይናገረዋል፣ ሲያሳምር ዝም ይላል። ልኬ ለዚያች ዝምታ ሲል ቀኑን ሙሉ ይለፋ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሁለተኛዋ እህቴ ባል ያገለገለ ፍሬዛ ገዛ። ብረት የሚፍቅና የሚሰረስር ከባድ ማሽን ነው። ለማስገባት የግቢያቸው በር ተነቅሎ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ ገፋ። ቤታቸው ከእነልኬ ቤት ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ወደዚያኛው ቤት ተሻገረ። ምነው ሲባል «እዚያ ፀሐይ ይገባል» አለ። ልኬ በነጋታው ከወርክሾፑ ጣሪያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ነቅሎ ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ ተካበት። አባቴ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ልኬ ልኬ መሆኑ ቀረ። ቅናት ሰውን እንዲህ መጫወቻ ሲያደርገው አይቼ አላውቅም። ሥራውን አቁሞ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። አባቴ ከፍሬዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወድቅ ሲያይ ያየዋል። ማታ ለእህቴ «ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳቁ» ብሎ ይነግራታል፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። ብረት መፋቅ ሙያ አይደለም፣ ማሽኑ ነው የሚሠራው፣ ሰውየው ቁልፍ ነው የሚጫነው ይላል። ባለፍሬዛው ደግሞ ክፋት የሚባል አያውቅም፤ መንገድ ላይ ልኬን ሲያገኘው ሮጦ ይስመዋል። ይሄ ልኬን የባሰ ያበግነዋል።

ልኬ ከድሮም ራውተር መግዛት ያስብ ነበር። በእጅ የሚያዝ፣ ሲሽከረከር ጆሮ የሚበሳ የእንጨት መቅረጫ መሣሪያ ነው፤ የበር ጠርዝ ያሳምራል፣ በመሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቦይ በአንድ አፍታ ያወጣል። ለሱ ሥራ የተፈጠረ ነው። አንድ ቀን ግን ምሳ ላይ ተነሥቶ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ የምገዛው ፍሬዛ ነው አለ። እህቴ የት ልታስቀምጠው ነው አለችው። የልጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ አላት። እሷም ይሄ ሰው ቀልቡን ስቷል፣ አናግሪልኝ ብላ ጠራችኝ።

«አንተ አናጢ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«ፍሬዛ እንጨትም ይሠራል።»

«ማን አለ?»

«የማይሠራበት ምክንያት የለም» አለና ፊቱን አዞረብኝ። አባቴን በማሽን ሊያስመልሰው እንደሆነ ልጆቹም ገብቷቸዋል፤ እሱ ብቻ ነበር ስለ ሥራ የሚያወራ የመሰለው።

እሁድ ለደንበኛ በር ያዘጋጀውን ምርጥ ጣውላ በብብቱ ይዞ አጥሩን ዞረ። እኔም የሚሆነውን ላይ ተከተልኩት። አባቴ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጧል። ልኬ ሰላም ካለው በኋላ ዓይኑን ከሱ ላይ ሳያነሳ፣ እስቲ በዚህ ላይ ቦይ አውጣልኝ ብሎ ጣውላውን ለባለፍሬዛው ሰጠ። ባለፍሬዛው አመነታ። እንጨት እዚህ ባናስገባ ይሻላል አለ። ልኬ፣ ማሽኑን የሰሰተው መስሎት፣ ከፋው። ያም ላለማስቀየም ጣውላውን ማሽኑ ላይ አሰረለት።

ፍሬዛው ለብረት በለመደው ፍጥነት ቀስ እያለ ዞረ። እንጨቱን አልቆረጠውም፤ ቦጫጨቀው። የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዘይት ደግሞ ከሥር እየሰረገ ጣውላውን አጠቆረው። እንዲህ የሆነ ጣውላ ኮላ አይዝ፣ ቀለም አይቀበል። ልኬ ይህን እያየ ፍጥነቱን ጨምረው አለ። ሲጨምረው ሳጋቱራው እንደ ጭስ ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው።

አባቴ ማሳል ጀመረ። እንዲህ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም፤ ለሁለት ታጥፎ ትንፋሽ አጣ። ባለፍሬዛው ማሽኑን አጥፍቶ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ግቢው አወጣው። ውኃ ሰጥተነው፣ ጀርባውን አሽተነው፣ ቀስ እያለ ትንፋሹ ተመለሰ። ባለፍሬዛው ልኬን ወደ ውስጥ ጎትቶ አስገባው።

«አባባ አንተ ጋ የማይመጡት ለዚህ ነው። ሐኪሙ የእንጨት ብናኝ ከለከላቸው። ለልኬ እንዳትነግር፣ ካወቀ ሥራውን ይተዋል ብለው አስማሉኝ። ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን በኔ ሳንባ ምክንያት መተው የለበትም አሉኝ።»

ልኬ የተቦጫጨቀውን ጣውላ ከማሽኑ ላይ መፍታት ጀመረ።

«ደግሞ የምትቀናው በማን ነው?» አለ ባለፍሬዛው፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። «እዚህ ቁጭ ብለው የሚያወሩት ስላንተ በር ነው። መዶሻህን ከአጥር ወዲህ እየሰሙ አሁን ማጠፊያ እየመታ ነው ይሉኛል። እኔን አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሃል ብለውኝ አያውቁም። ብሳሳትም ደንታቸው አይደለም።»

ሁለት ትልልቅ ወንዶች በገዛ አባቴ ሲቀናኑ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ወንበሩን ተሸክሜ ያወጣሁት፣ ውኃውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ያንን ያየ የለም።

ልኬ በሳምንቱ ራውተሩን ገዛ። ሲሠራ በአጥሩ በኩል ያለውን መስኮት ግጥም አድርጎ ይዘጋል፣ ብናኙ ወደዚያ እንዳይሻገር። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ በዚያ ሙቀት ብቻውን ላቡ እየተንጠባጠበ ይውላል። እህቴ ልትከፍተው ከሞከረች ይቆጣታል።

ባለፈው ምሳውን ይዤለት ገባሁ። የደንበኛውን በር ጨርሶ መሬቱን እየጠረገ ነበር። ከአጥሩ ማዶ አባቴ ሲስቅ ተሰማን። ባለፍሬዛው አንድ ነገር ነገረው መሰለኝ፣ መልሶ ሳቀ። ልኬ መጥረጊያውን ይዞ አዳመጠ።

«ደህና ናቸው። አያስሉም» አለኝ።

ደስ ብሎት ነው የተናገረው፤ ፊቱ ግን ሲጠቁር አየሁት። ሦስተኛው ሳቅ ሲመጣ መጥረጊያውን ጣለና፣ የሚቆርጠው አንድም እንጨት ሳይኖር፣ ራውተሩን አስነሣው። ሳቁ በጩኸቱ ተዋጠ።